ተስፋ የተቆረጠበትን ዲጂታል ካሜራ ዳግመኛ ስለ ማንሣት፤ በሐርጌሳ ለሚኖሩ ወገኖች የቀረበ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው፣ ከዓመታት በፊት አንድ ዲጂታል ካሜራ በገንዘባቸው ገዝተው ወይም ከባሕር ማዶ ዘመድ ልኮላቸው፣ የቁልፎቹ ብዛት፣ የሜኑው መወሳሰብ፣ የባትሪው ቶሎ ማለቅና የሰው ፊት በሥዕሉ ላይ ጠቁሮ መውጣት ተደራርበው ስላስመረሯቸው መሣሪያውን በሣጥን ውስጥ ዘግተው ለተዉትና ዛሬ በሐርጌሳ ከተማ በልዩ ልዩ ሙያ ተሰማርተው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነው። በቅድሚያ ልናገር የምወደው፣ ጥፋቱ ከእጅዎ አለመሠልጠን የመጣ አለመሆኑን ነው፤ መሣሪያው ለአንዱ ሥራ ብዙ መንገድ ደርድሮ፣ ከእነዚያ ሁሉ የትኛው እንደሚጠቅም ግን ሳይነግር ወደ እርስዎ መጥቷል። ስለዚህም ከዚህ በታች የሚገኘው ምክር በአመዛኙ የካሜራውን ችሎታ ትልቁን ክፍል ለጊዜው ዘግቶ፣ የቀረውን ጥቂቱን አጥብቆ ስለ መያዝ ነው።

የምሬቱን ምንጭ ለመረዳት የመሣሪያውን ልደት ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን፣ 10,000 ነጥብ ብቻ ያላትን አንዲት ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መሣሪያው ወደ ሕዝብ እጅ በገባ ጊዜ ግን ኩባንያዎቹ በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ለማውጣት ሲሽቀዳደሙ፣ ሶኒ የራሱን ሚሞሪ ስቲክ፣ ኦሊምፐስና ፉጂ የራሳቸውን ኤክስዲ ካርድ፣ ብዙዎቹም የራሳቸውን ገመድ፣ የራሳቸውን ባትሪና በሲዲ የሚጫን የራሳቸውን ፕሮግራም ይዘው ስለ መጡ፣ ገዢው አንዱን ለምዶ ሳይጨርስ ሌላውን እንደ አዲስ እንዲማር ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ከፋብሪካ ወጥቶ ለገበያ ቀርቦ የነበረው፣ በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ሆኖ የተገኘው በዋናነት የእጅ ስልክ ቦታውን ስለ ወሰደበት ቢሆንም፣ ስልኩ በቀላሉ ያሸነፈው ካሜራው አስቀድሞ ባለቤቱን አሰልችቶት ስለ ነበር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከካሜራ ጋር ታግሎ መተው በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከሐርጌሳ በስተ ምዕራብ፣ ከጅግጅጋ ማዶ በምትገኘው በሐረር ከተማ በንግድ ሥራ ተቀምጦ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ከሊዮን ከተማ ያዘዘው ካሜራ ከረጅም ጊዜ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 እጁ ሲገባ በደስታ ማንሣት ቢጀምርም፣ ሥዕሎቹን የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለ ነበረ እየነጡ እንዳስቸገሩት ለቤተ ሰቡ በደብዳቤ ገልጾ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም መሣሪያውን ሸጦታል። ከእጁ የተረፉት ጥቂት ሥዕሎች፣ ራሱን ያነሣባቸው ጭምር፣ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሐረር ከሚመሰክሩት ውድ ቅርሶች መካከል ይቈጠራሉ፤ የራምቦን ውሃ የሚያህል እንቅፋት ግን ዛሬ በእርስዎ ፊት የለም።

ስልክ እያለኝ ካሜራ ምን ይረባኛል የሚል ካለ፣ በሐርጌሳ ለዚህ ጥያቄ ከሌላ ከተማ ይልቅ ጠንካራ መልስ አለ። ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድ የሚባለውን የገንዘብ ማስተላለፊያ ከጀመረ ወዲህ፣ በዚህች ከተማ የሻይ ዋጋ ሳይቀር በስልክ ስለሚከፈል፣ ስልክ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ፎቶ እንዲያነሣዎ ለማያውቁት መንገደኛ ማቀበል፣ ወይም በሠርግ ቤት ቀኑን ሙሉ ሲያነሡ ውለው ባትሪውን ጨርሰው ወደ ቤት መመለሻ ታክሲ መክፈያ ማጣት ቀላል ችግር አይደለም። በዚህም ላይ በስልክ ተነሥቶ በዋትሳፕ የሚላከው ሥዕል በመንገድ ላይ ስለሚታመቅ፣ እናት በአዲስ አበባ ወይም በደሴ አሳትማ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ብትፈልግ ብዥ ብሎ ይወጣባታል። ካሜራ ሥዕልን ብቻ እንዲያነሣ የተፈጠረ በመሆኑ ሲያነሡ ማንም አይደውልብዎትም፤ ይህም ለኅሊና ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከሣጥን ሲወጣ

መጀመሪያ ባትሪውን አውጥተው ይመርምሩ። ሊትየም የሚባለው ጠፍጣፋ ባትሪ ሆዱ ካበጠ ወይም ከቤቱ አልወጣም ብሎ ካስቸገረ፣ ቻርጅ ለማድረግ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና ይወገድ። ደኅና ከሆነ የብረት ጫፎቹን በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ወልውለው፣ ቻርጀሩ ሞላ እስኪል ድረስ ይተዉት። ካሜራዎ ተራውን ክብ ባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ ከሆነ ደግሞ፣ የቀድሞው ምሬትዎ ግማሹ ከዚህ እንደ መጣ ልንገርዎ፤ ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት የሚሸጠው ርካሹ የካርቦን ድንጋይ ኃይሉን በዝግታ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ሌንስ የሚገፋ፣ ፍላሽ የሚሞላና መስታወት የሚያበራ መሣሪያ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቀው ስለሚደክም፣ ከጥቂት ሥዕል በኋላ ካሜራው አለቀብኝ ብሎ ይዘጋል። መድኃኒቱ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለውን፣ ደጋግሞ ቻርጅ የሚደረገውን ድንጋይ ሁለት ጥንድ መግዛት ነው፤ አንዱ ጥንድ በካሜራው ሲሠራ ሁለተኛው በኪስ ይጠብቃል።

ካሜራው ሲበራ ቀንና ሰዓት ይጠይቅዎታል፤ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ስለ ቈየ በውስጡ ያለችው ታናሽ ባትሪ ደርቃ ነው። ይህን ጥያቄ አይዝለሉት፤ የተሳሳተ ቀን የተጻፈበት ሥዕል ከዓመታት በኋላ የትኛው ጥምቀት፣ የማንኛው ልጅ ልደት እንደ ነበር ያወዛግባልና። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጆቹን የቀንና የሰዓት አቈጣጠር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሆነ 14 ብለው ይሙሉ።

ካርዱን በተመለከተ ሦስት ነገር ይወቁ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ኤስዲ ካርድ አያነብቡም፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ እስከ 32 ድረስ ብቻ ስለሚቀበሉ፣ ከገበያ ገዝተው ያስገቡት 128 ጊጋባይት ካርድ እምቢ ቢል ሻጩ አጭበረበረኝ ብለው አይቀየሙ። ሁለተኛው፣ በካርዱ ጎን ያለችው ታናሽ ተንሸራታች ወደ ታች ከወረደች ካርዱ ተቈልፏልና ወደ ላይ ይግፏት። ሦስተኛው፣ በካርዱ ያለውን አሮጌ ሥዕል ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠው ካበቁ በኋላ፣ በራሱ በካሜራው ሜኑ ፎርማት ያድርጉት፤ ከሌላ ካሜራ ወይም ከስልክ የመጣ ካርድ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይህ ስለሚጐድለው ነው።

ሌንሱ ላይ አቧራ ካለ አስቀድመው በትንፋሽ ማናፈሻ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። በሐርጌሳ ጂላል በሚባለው ደረቅ ወራትም ሆነ ነፋሱ በሚበረታበት የክረምት ወቅት የሚነሣው አቧራ ደቃቅ አሸዋ የተቀላቀለበት ነው፤ ሳይራገፍ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ ቢወለወል መስታወቱን ይጭረዋል። ሲበራ ሌንሱ ወደ ፊት የሚወጣ ትንሽ ካሜራ ከሆነ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ገብታ ታነቅፈዋለችና፣ ከቤት ሲወጡ ዚፕ ባለው ላስቲክ ከረጢት አድርገው ይያዙት፤ ነፋስ ባለበትም አያብሩት።

የመሣሪያውን ጩኸት ዝም ማሰኘት

አሁን ወደ ሜኑው ይግቡና ሪሴት የሚለውን ፈልገው ሁሉን ነገር ከፋብሪካ እንደ ወጣ ወደ ነበረበት ይመልሱ፤ ቀድሞ በሙከራ ያበላሹት ነገር ቢኖር በዚህ ይሰረያል። ከዚያ በኋላ የምስሉን መጠን ከሁሉ ትልቁን ይምረጡ፤ ዲጂታል ዙም የሚባለውን ይዝጉ፤ ይህ ሥዕሉን ቈርጦ ከማስፋት በቀር የሚያቀርበው ነገር የለምና። የቁልፍ ድምፅንም ይዝጉ፤ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በለቅሶ ቤት ጲጵ የሚል መሣሪያ ነውር ነው።

ቀጥሎ በካሜራው ራስ ላይ ያለውን ተሽከርካሪ መምረጫ ይመልከቱ። በዚያ ላይ የሯጭ፣ የአበባ፣ የተራራ፣ የሻማና የሌላም ሥዕል ተደርድሮ ያገኛሉ፤ ሁሉንም ይተዉና ፒ የሚለውን የላቲን ፊደል ይምረጡ። አውቶ የሚለው በአረንጓዴ የተጻፈው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ካሜራ ፍላሹን ሳይጠይቅዎ ራሱ ያበራል፣ ብርሃን ለመጨመርና ለመቀነስም አይፈቅድልዎትም፤ ፒ ግን ከባዱን ሒሳብ ለራሱ ወስዶ ውሳኔውን ለእርስዎ ይተዋል። ፍላሹን ዘግተው ይጀምሩ። ኤ፣ ኤስ እና ኤም የተጻፈባቸውን ለአንድ ዓመት ያህል አይንኳቸው፤ ሳይነኳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ግሩም ሥዕል የሚያነሡ ሰዎች አሉ።

ግማሽ መጫን

ከዚህ መመሪያ አንዲት ነገር ብቻ ይዘው የሚቀሩ ቢሆን፣ ይህችን እንዲይዙ እለምንዎታለሁ። ሕፃኑ ሲስቅ ተጭነው ፊቱን ካዞረ በኋላ የተነሣበት፣ ሙሽራዋ ስትገባ ተጭነው ጀርባዋ የወጣበት፣ ካሜራው ሰነፍ ነው ያሰኘዎት ነገር ሁሉ የመጣው፣ የማንሻው ቁልፍ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሲጫን መሣሪያው ገና ርቀቱን መለካትና ሌንሱን ማስተካከል ስለሚጀምር ነው፤ በአሮጌዎቹ ካሜራዎች ይህ መዘግየት ግማሽ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይደርስ ነበር። ቁልፉ ግን በሁለት ደረጃ እንዲሠራ የተበጀ ነው። ጣትዎን አሳርፈው እስከ ግማሹ ብቻ ቢጫኑ፣ በካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት ላይ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ይታያል፤ ካሜራው መለካቱን ጨርሶ እየጠበቀዎት ነው ማለት ነው። ጣትዎን ሳያነሡ ይታገሡ፤ ሕፃኑ ሲስቅ የቀረውን ግማሽ ይጫኑ፤ ሥዕሉ በዚያው ቅጽበት ይያዛል።

ይህን በቃል ማወቅ አይበቃም፤ ጣት መልመድ አለበት። ምሽት ላይ በቤትዎ ተቀምጠው አንድ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩና ግማሽ መጫን፣ መያዝ፣ መጨረስ፣ እንደገናም ግማሽ ተጭኖ ሳያነሡ መልቀቅን ይለማመዱ። ሁለተኛው ልምምድ እንዲህ ነው፤ ሰውየው በሥዕሉ መካከል ሳይሆን በጎን እንዲሆን የፈለጉ እንደ ሆነ፣ መጀመሪያ መካከሉን በሰውየው ፊት ላይ አድርገው ግማሽ ይጫኑ፣ ጣትዎን ሳይለቁ ካሜራውን ወደ ጎን ያዙሩ፣ ከዚያ ይጨርሱ። ከኋላ ያለው ግድግዳ ጠርቶ ሰውየው የሚደበዝዝበት የቀድሞ ችግርም በዚሁ ይወገዳል።

ስለ ብርሃን

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ፀሐይ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል በቀትር ጊዜ ከራስ በላይ ትቆማለች ለማለት ይቻላል። በዚያ ሰዓት የተነሣ ሰው ዐይኑ ከቅንድቡ ጥላ ሥር ይሰወራል፣ ከአፍንጫው በታችም ጥቁር ነጥብ ይወርድበታል። ስለዚህ የሰው ፊት ለማንሣት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትገባ ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ ናሳ ሀብሎድ የሚባሉት መንታ ኮረብታዎችም ቅርጻቸው ጐልቶ የሚታየው በዚሁ አግድም በሚመጣ ብርሃን ነው። በቀትር የግድ ከሆነ ሰውየውን ከፀሐይ አውጥተው በበረንዳ ጥላ ሥር፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ያቁሙት።

ፊት ጠቁሮ ስለሚወጣበት ነገር ግን ጥቂት መቈየት አለብን፤ ብዙውን ሰው ያስቀየመ ይህ ነውና። ካሜራው የሚያየው ነገር ሰው ይሁን ግድግዳ አያውቅም፤ በፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ አደባልቆ አማካዩ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን አድርጎ ይለካል። በኖራ የተቀባ ነጭ ግድግዳ፣ የነጣ አሸዋማ መሬት ወይም የሚያንጸባርቅ ሰማይ ሥዕሉን ሲሞላው፣ መሣሪያው ብርሃን በዛብኝ ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ በመካከል የቆመው ጠይም ወይም ጥቁር ፊትም አብሮ ይሰወራል። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት በነጭ ግድግዳ ፊት ስትቆም ቀሚሷ ዐመድማ፣ ፊቷ ከሰል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በፊልም ዘመንም ኩባንያዎቹ ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት ለረጅም ጊዜ ሺርሊ ተብሎ በሚጠራ፣ የነጭ ሴት ሥዕል ባለበት ካርድ ስለ ነበር፣ የእኛ ፊት በአግባቡ ሳይታሰብበት የቈየ መሆኑን ማወቅ ተገቢ ነው፤ እርስዎ ከዚህ ቀደም በሥዕል ላይ ራስዎን አይተው ቅር ቢልዎት፣ በደሉ ከመሣሪያው ነበር።

መፍትሔው በብዙው ካሜራ አንድ ቁልፍ ነው፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት በአንድነት የተሣለበትን ይፈልጉ። እሱን ተጭነው ወደ መደመር ጎን አንድ እርምጃ፣ ይኸውም 0 የነበረውን ወደ 0.7 ወይም ወደ 1 ከፍ ቢያደርጉት፣ ካሜራው ብርሃን ይጨምራል፤ ፊቱም ይገለጣል። ከኋላ ያለው ሰማይ ነጥቶ ቢጠፋ አይዘኑ፤ ሥዕሉ የተነሣው ለሰውየው እንጂ ለሰማዩ አይደለም። በተቃራኒው ጥቁር ልብስ ወይም ጨለማ ክፍል ሥዕሉን ከሞላው ወደ መቀነስ ይሂዱ። ሥራውን ሲጨርሱ ወደ 0 መመለስን አይርሱ፤ ቢዘጋም ያን ቁጥር የሚያስታውስ ካሜራ አለና።

ፍላሽን ሰዎች በሌሊት ብቻ ያበሩታል፤ የበለጠ የሚጠቅመው ግን በቀን ነው። ሰውየው በጥላ ውስጥ ሆኖ ከኋላው ያለው መንገድ በፀሐይ የበራ ከሆነ ፍላሹን በግድ ያብሩት፤ ጥላውን ይሞላዋል። ኃይሉ ግን በትንሽ ካሜራ ከ3 ሜትር ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ በሌሊት ሠርግ ላይ ከአዳራሹ ጫፍ ሆነው መድረኩን በፍላሽ ማንሣት ባትሪ መጨረስ ነው።

የቤት ውስጥ ብርሃንን ለመማር ከቡና ሥነ ሥርዓት የሚበልጥ ትምህርት ቤት አላውቅም። ቡና አፍይዋን በመስኮት ወይም በተከፈተ በር አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎኗ እንዲመጣ አድርገው ያስቀምጡ፤ የኮረንቲውን አምፖል ያጥፉ፣ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲደባለቅ የፊት ቀለም ይበላሻልና። የዕጣኑና የጀበናው ጢስ በሥዕል ላይ ጐልቶ የሚታየው ብርሃኑ ከጢሱ በስተ ኋላ በኩል በአግድም ሲመጣና ጢሱ በጨለማ ግድግዳ ፊት ሲወጣ ነው፤ ፍላሽ ቢበራ ግን ጢሱ ሁሉ ይጠፋል። አይ.ኤስ.ኦ. የሚለውን ቁጥር ወደ 400 ወይም ወደ 800 ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ በላይ በአሮጌ ትንሽ ካሜራ ሥዕሉ ይሻክራል። ክርንዎን በጉልበትዎ ላይ አስደግፈው፣ ትንፋሽ አስወጥተው ሲያበቁ ይጫኑ፤ በጨለማ ቤት ሥዕል የሚደበዝዘው አብዛኛውን ጊዜ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

ወደ ከተማዪቱ ሲወጡ

ካሜራ ከስልክ ይልቅ ዓይን ይስባል፤ በእንግዳነት በምንኖርበት ምድር ደግሞ ጥንቃቄና አክብሮት ይገባል። ሰውን፣ ይልቁንም ሴቶችን፣ ሳይፈቅዱ ማንሣት ፈጽሞ አይገባም፤ ማ ኩ ሰዊሪ ከራ ብለው ቢጠይቁ፣ ላንሣዎት ወይ ማለት ነውና፣ በራሳቸው ቋንቋ በትሕትና የተጠየቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፈገግ ብለው ይፈቅዳሉ፤ እምቢ ካሉም እጅ ነሥቶ ማለፍ ነው። በመንገድ ዳር የሶማሌላንድ ሽልንግ እንደ ጡብ ከምረው የሚቀመጡት መንዛሪዎች ለሥዕል ቢያጓጉም ከእነርሱም ፈቃድ ይጠይቁ። የፖሊስና የወታደር ጣቢያ፣ ኬላ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የኤጋል አውሮፕላን ማረፊያ በካሜራ አይነኩም።

በመካከል ከተማ ኸይሪያ በሚባለው አደባባይ አጠገብ፣ ሚግ የተባለው የጦር አውሮፕላን በከፍተኛ መሠረት ላይ ቆሞ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ከከተማዪቱ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን በቦምብ ያፈረሱትን የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች የሚያስታውስ ሐውልት ነው። ለመነሻ ትምህርት የሚመች ነገር ነው፤ አይንቀሳቀስም፣ ከሰማይ ጋር ስለሚታይም የመደመሩን ቁልፍ እንዲሞክሩበት ያስገድድዎታል። ለአካባቢው ሰዎች ግን የሐዘን ስፍራ ነውና በዚያው ልክ በጸጥታ ይቅረቡት።

ጣትዎ ሲለምድ ደግሞ፣ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ላስ ጌል ይጓዙ። በፈረንሳዊው የቅድመ ታሪክ ሊቅ በዛቪየ ጉተርዝ የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም ባሳወቃቸው በእነዚያ ዋሻዎች፣ ከሺህ ዘመናት በፊት በቀይ፣ በነጭና በሌላም ቀለም የተሣሉ፣ አንገታቸው ያጌጠ ላሞችና እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች ይታያሉ። የጉብኝት ፈቃድ አስቀድሞ ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያውጡ። በዚያ ስፍራ ፍላሽ አያብሩ፤ ቀለሙ ጥንታዊ ስለ ሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል፣ ፍላሹም የዓለቱን ጎድጓዳና ጉብታ አጥፍቶ ሥዕሉን ልሙጥ ያደርገዋል። ሙሉውን ግድግዳ ለማንሣት ወደ ኋላ ይሽሹ፣ ከዚያ አንዲት ላም ብቻ መርጠው በእውነተኛው የሌንስ ዙም ያቅርቡ።

የተነሣውን ስለ ማኖር

ብዙዎች ካሜራውን የተዉት ሲያነሡ ሳይሆን ሥዕሉን ከካሜራው ማውጣት ሲያቅታቸው ነው። የጠፋውን ገመድና የሲዲውን ፕሮግራም ይርሱት፤ ካርድ ማንበቢያ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ከስልክ መለዋወጫ ሱቅ ገዝተው ካርዱን አውጥተው ቢሰኩበት፣ ሥዕሎቹ ዲሲም በሚባል ማኅደር ውስጥ ተደርድረው ይገኛሉ። በኮምፒዩተርም፣ በብዙ ስልክም ይሠራል። ማኅደሩን በዓመትና በወር ስም ይክፈሉት፤ ከገለበጡ በኋላም ሥዕሉ እንደሚከፈት ሳያረጋግጡ ካርዱን አያጽዱ።

ከዚያ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ አድርገው፣ ከተቻለ ከሚኖሩበት ቤት ውጭ ያኑሩት። ሐርጌሳ ይህን ከማንም በላይ ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዪቱ ስትፈርስ የቤት ንብረት ሁሉ አብሮ ቢወድምም፣ የሬዲዮ ሐርጌሳ የሙዚቃ ክሮች ከመሬት በታች ተቀብረው፣ ሌሎችም ካሴቶች በየሰዉ እጅና በየስደቱ አገር ተበትነው ስለ ነበሩ ተርፈዋል፤ ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማእከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይጠበቃሉ። በስደት ያለን ሰዎች ከቤት ወደ ቤት፣ ከአገር ወደ አገር ስንዘዋወር የሚጠፋብን ነገር ብዙ ስለ ሆነ፣ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላለ ዘመድ መላክ ትርፍ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ያሳትሙ። ለ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ጥርት ያለ ሥዕል ለማውጣት 2 ሜጋፒክስል ከጥቂት ጋር ይበቃል፤ ስለዚህ ባለ 5 ሜጋፒክስሉ አሮጌ ካሜራዎ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው፣ አዲስ ግዛ የሚልዎን ሰው አይስሙ። ፎቶ ቤቱ ሥዕሉን ከዋትሳፕ ሳይሆን ከካርዱ ወይም ከፍላሽ ዲስክ እንዲወስድ ያድርጉ። በወረቀቱ ጀርባ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጆቹም አቈጣጠር በለስላሳ እርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ሊያልፍ፣ በላዩ የተደረበውንም ሥዕል ሊያቈሽሽ ይችላል። በቶግ ውጫሌ በኩል ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝም በሁለት ካርቶን መካከል አድርገው፣ በላስቲክ ጠቅልለው ይላኩ።